እድር የሌለው ፕሬዚዳንት

ኮልቫንታ በዓለም ላይ የቀረውን የመጨረሻ ተፎካካሪ የጨዋታ ኩባንያ የገዛው በ2084 ዓ.ም. ግንቦት ወር፣ ሐሙስ ዕለት፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነበር። ዜናው አዳማ፣ ፍራንኮ ሰፈር፣ ከአንድ ፀጉር ቤት በላይ ካለችው ስቱዲዮ የደረሰው ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ላይ ነው። የኮልቫንታ ስም ያለበት አዲሱ ካናቴራ ግን ከዜናው አሥር ደቂቃ ቀድሞ ደርሷል።

ትዕምርት ቦጋለ ካናቴራዋን ከነላስቲኩ ተቀብላ መሳቢያዋ ውስጥ ወረወረችው። በስድስት ዓመት ውስጥ ዘጠነኛ ባለቤቷ መሆኑ ነው። የመጀመሪያው ባለቤት ካናቴራ ወለል ይወለውላል፣ የአራተኛው መስኮት ያብሳል። የሰባተኛው ምን ላይ እንደዋለ የሚያውቅ የለም፤ ባለቤቱ ራሱ የቆየው አሥራ ዘጠኝ ቀን ነው።

«ጥጥ ነው?» አላት ኦብሳ ከማዶ ጠረጴዛ። በጨዋታው ውስጥ የሚሰማ ድምፅ ሁሉ፣ ከበር ሲጥታ እስከ ውሻ ጩኸት፣ የእሱ ሥራ ነው።

«ፖሊስተር።»

«እንግዲያው ዓመት አይሞሉም።»

ኦብሳ የኩባንያን ዕድሜ ከጨርቁ ይተነብያል፤ እስከዚያ ቀን ድረስም አንድ ጊዜ እንኳ ስቶ አያውቅም። ትዕምርት ግን ራሷን ነቀነቀች።

«ማን ይገዛቸዋል ታዲያ? የቀረ ሰው እኮ የለም።»

ኦብሳ እጁን ከጠረጴዛው ላይ አነሳ። ይሄን አላሰበውም ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ትዕምርትና ኦብሳ ከሰባት ዓመት በፊት፣ ገና ማንም ሳይገዛቸው፣ በአንዲት ኪራይ ክፍል ውስጥ «ድንኳን» የሚባል ጨዋታ ሠሩ። ጨዋታው የአንዲት የድሮ ዘመን ከተማ ኑሮ ነው፤ ባጃጅ አለ፣ ጉልት አለ፣ ጎረቤት አለ፣ ጠብም አለ። ሰው ይኖርበታል፣ ሰውም ይሞትበታል። በሌላው ጨዋታ ሁሉ የሞተ ተጫዋች ወዲያው ብድግ ብሎ ሩጫውን ይቀጥላል። በ«ድንኳን» ግን ሟች የሚነሳው ሰው ሲቀብረውና ድንኳን ተጥሎ ሦስት ቀን ሲለቀስለት ብቻ ነው። ሦስት ቀን ማለት ደግሞ የእውነት ሦስት ቀን ነው፤ ጎረቤት መጥቶ፣ አግዳሚ ላይ ተቀምጦ፣ ንፍሮ ቆርጥሞ፣ አውርቶ፣ ተነስቶ መሄድ አለበት። ታዲያ ሟቹ እስከ ሠልስቱ ተጋድሞ የሚባለውን ሁሉ ይሰማል።

ማንም ይሄን ጨዋታ ይወዳል ብሎ የጠረጠረ አልነበረም። አራት መቶ ሺህ ሰው ወደደው። ሰዎች ምን እንደሚባልላቸው ለመስማት ሆን ብለው መሞት ጀመሩ። ተጫዋቾቹ በራሳቸው ተነሳሽነት እድር አቋቁመው፣ ሰማንያ አራት አንቀጽ ያለው ደንብ ጻፉ። አንቀጽ ዐሥራ ዘጠኝ «በዓመት ከሁለት ጊዜ በላይ የሚሞት አባል በጽሑፍ ይገሠጻል» ይላል።

እያንዳንዱ ባለቤት እንደመጣ የመጀመሪያ ሥራው ይህን የሦስት ቀን ለቅሶ ለማሳጠር ማቀድ ነበር። ሆኖም ዕቅዱ ጸድቆ ሳይወርድ ባለቤቱ ራሱ ይሸጣል፤ አዲሱም ከሀ ይጀምራል። የትዕምርትን ለቅሶ እስካሁን ያቆየው ይኼው የገበያ ወረፋ ነው። አሁን ወረፋው አለቀ። ኮልቫንታን የሚገዛ የለም፤ ያቀደውን ለመፈጸም ጊዜ ያለው የመጀመሪያው ባለቤት መጣ ማለት ነው።

ዓርብ ጠዋት የኮልቫንታ ሥርዓት ሥራ ጀመረ። ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ሠራተኛው ሁሉ ቆሞ ለአርባ ሰከንድ አጨበጨበ። ቀድሞ ያቆመ ሰው «ደህና ነህ?» የሚል መልእክት ይደርሰዋል፤ ኦብሳ በዚያን ዕለት ሦስት ጊዜ ደህንነቱ ተጠየቀ። አንቱታም ከዚያን ቀን ጀምሮ ተከለከለ፤ ሁሉም ሰው አንድ ቤተሰብ ስለሆነ አንተና አንቺ ነው የሚባባለው። ከጭብጨባው በኋላ ሐሳብ ያለው ሰው ሐሳቡን «አማካዩ» ለሚባለው ማሽን ይነግራል። አማካዩ ሐሳቡ ከዚህ በፊት ስንት ጊዜ እንደተሸጠ ያያል። ብዙ ጊዜ ከተሸጠ አረንጓዴ ያበራል፤ ጥቂት ጊዜ ከሆነ ቢጫ። ማንም ሸጦት የማያውቅ ከሆነ ቀይ አብርቶ፣ በለሰለሰ የሴት ድምፅ «ይህ ሐሳብ አዲስ ነው፤ እናዝናለን» ይላል። ትዕምርት እስከ ምሳ ሰዓት አራት ጊዜ ታዘነላት።

ከምሳ በኋላ ኬክ መጣ። ኬኩ የርክክብ ነው። በኮልቫንታ ደንብ አንድ ጨዋታ ሲገዛ የፈጣሪው ቁልፍ ከፈጣሪው ይወሰዳል፤ ቁልፉ በእጁ ያለ ፈጣሪ ለፍጥረቱ ስሜታዊ እንደሚሆን በጥናት ተረጋግጧል። ትዕምርት ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ በገዛ ጨዋታዋ ውስጥ ቅጠል እንኳ ማንቀሳቀስ የማትችል ተራ ተጫዋች ሆነች። በምትኩ የምስክር ወረቀት ተሰጣት። ኬኩ ጣፋጭ ነበር፤ ይህንን ኦብሳም ሳይወድ መስክሯል።

ሰኞ የቅምሻ ቀን ነበር። የአፍሪካ ዘርፍ ፕሬዚዳንት ዮናኤል አብነት የተገዛውን ጨዋታ ሁሉ ራሱ ገብቶ ይቀምሳል፤ ያልጣመውን እዚያው ቆሞ በፊርማው ይሰርዛል። ለዚህ ሲባል ወደ ጨዋታ ሲገባ ፊርማው አብሮት ይገባል። አራት ሺህ ሁለት መቶ ስቱዲዮ የሚከፈተውም የሚዘጋውም በዚያች ፊርማ ነው።

ዮናኤል ሠላሳ ስምንት ዓመቱ ነው፤ ጥርሱ ነጭ፣ ጫማው ነጭ። ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለ መጣና ትዕምርትን ጨበጣት።

«ትዕምርት! ስላንቺ ብዙ ሰምቻለሁ። ለቅሶዋ ሴትዮ!»

«እንኳን ደህና መጡ።»

«አንተ በይኝ። ቤተሰብ ነን።» ወንበሩ ላይ ተመቻቸና የመጫወቻ መነጽሩን አጠለቀ። «እውነቱን ልንገርሽ፤ ሐሳቡ ቆንጆ ነው። ግን ሦስት ቀን? ሰው ለራሱ እናት ሦስት ቀን የሌለው በዚህ ዘመን? አንዲት ትንሽ ቁልፍ እናደርጋለን። ዝለል። ሟቹ ቁልፉን ይጫናል፣ ይነሳል፣ ይሄዳል። ለቅሶውን የሚፈልግ ሰው ካለ ደግሞ ይቀመጥ፤ ማን ከለከለው?»

«ሟቹ ከተነሳ ለማን ነው የሚቀመጡት?»

«ይሄ ጥሩ ጥያቄ ነው» አለ ዮናኤልና ገባ።

ጨዋታው ውስጥ የሚሆነውን ሁሉ ግድግዳው ላይ ባለው ሰፊ የመስታወት ማሳያ እነሱም ያያሉ። ከተማው መግቢያ ላይ አንድ ሽማግሌ መዝገብ ይዘው ተቀምጠዋል። ጋሽ ጥላዬ ናቸው፤ የእድሩ ዳኛ። በእውነተኛው ዓለም የአዳማ መናኸሪያ ስምሪት ሠራተኛ ነበሩ፤ ጡረታ ከወጡ ወዲህ ሰው የሚያሰማሩት እዚህ ነው።

«እንደምን ዋልክ፣ ልጄ። እድርተኛ ነህ?»

«አይ፣ ለጉብኝት ነው።»

«ጎብኚም ይሞታል። ስምህን ልመዝግብ?»

«ዝለለው፣ አባት» አለ ዮናኤልና አለፋቸው።

ጋሽ ጥላዬ መዝገቡን ዘጉ። ዮናኤል አስፋልቱ መሃል ቆሞ እጁን ዘረጋ። «እዚህ ላይ አንድ ትልቅ ሰሌዳ ይታየኛል» ማለት ጀመረ። ከዳገቱ በኩል ሰማያዊ ባጃጅ እየበረረች መጣች። ጥሩምባዋን ነፋች፤ ኦብሳ ከእውነተኛ ባጃጅ ቀድቶ ያስቀመጠው፣ የታመመ ፍየል የሚመስለው ጥሩምባ ነው። ዮናኤል ድምፁን ሲሰማ «ይሄም ይቀየራል» አለ። ያ የመጨረሻ ቃሉ ሆነ።

ባለባጃጁ ወርዶ ጭንቅላቱን ያዘ። «ኧረ ጥሩምባ ነፍቻለሁ! ኧረ እናንተ ሰዎች፣ አልነፋሁም?»

«ነፍተሃል» አሉ ጉልት ላይ የነበሩት ሁሉ ባንድ አፍ።

ስቱዲዮው ውስጥ ሁሉም ወደ ወንበሩ ዞረ። ዮናኤል መነጽሩን ሳያወልቅ «ጨለመብኝ» አለ።

«ሞተዋል» አለችው ትዕምርት።

«እሺ። አስነሺኝ።»

«ቁልፉን ዓርብ ዕለት ወስዳችሁታል። ኬክም በልተናል።»

«መሐንዲሶቻችን ያስነሱኝ።»

ኦብሳ መሐንዲሶቹን አገኛቸው። ቁልፉን ማውጣት እንደሚችሉ፣ ነገር ግን ለማውጣት የፕሬዚዳንቱ ፊርማ እንደሚያስፈልግ ተናገሩ። ፊርማው የት እንዳለ ሲጠየቁ ግን ስልኩን ዘጉ።

«መነጽሩን ባወልቀውስ?» አለ ዮናኤል፣ ድምፁ ትንሽ ቀጠን ብሎ።

«እርስዎ ይወጣሉ። ፊርማዎ ከአስከሬኑ ጋር መንገድ ላይ ይቀራል።»

«መንገድ ላይ?»

«ውሻም አለ» አለ ኦብሳ። «ድምፁን እኔ ነኝ የሠራሁት።»

ዮናኤል መነጽሩን በሁለት እጁ ጨብጦ ወንበሩ ላይ ቀረ።

ኦብሳ ትዕምርትን ጎትቶ ኮሪደሩ ላይ አወጣት። ዓይኑ በደስታ ያበራል። «አየሽ አይደል? አንድ መስመር አልሰረዘም። ፊርማው ከሞተ የሚሰርዝ የለም። እድሩ ደግሞ አባል ያልሆነ ሰው አይቀብርም፤ አንቀጽ ስድስት ነው። ሞቶ ይቅር! ምንም አታድርጊ፤ በቃ ምንም!»

ትዕምርት ግድግዳውን ተደግፋ በተከፈተው በር ወደ መስታወቱ አየች። አስፋልቱ ላይ ዮናኤል በነጭ ጫማው ተዘርግቷል። ሰዎች በዳር በዳር ያልፉታል። አንዲት ሴት ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ቆም አለችና፣ መዝገቡን ይዘው ወደተቀመጡት ጋሽ ጥላዬ አይታ፣ መንገዷን ቀጠለች። በሰባት ዓመት ውስጥ በ«ድንኳን» ሰው ሳይቀበር አንድ ሰዓት አልፎት አያውቅም።

«አይሆንም» አለች።

«ምኑ?»

«እየው እስቲ። እያለፉት ነው። ይሄን እኮ እሱ አይደለም ያዘዘው።»

«ትዕምርት፣ ሰውየው ሲነሳ መጀመሪያ የሚሰርዘው ያንቺን ለቅሶ ነው።»

«አውቃለሁ። እኛ ግን ሳይነሳ ሰርዘነዋል» ብላ ተመልሳ ገባችና የራሷን መነጽር አደረገች።

በ«ድንኳን» ውስጥ ትዕምርት ሽንኩርት ሻጭ ናት። ጨዋታውን የሠራችው እሷ መሆኗን ማንም አያውቅም፤ «ሽንኩርቷ» ነው የሚሏት፤ በሰባት ዓመት ውስጥ በአንድም የእድር ስብሰባ ላይ ቃል ተንፍሳ አታውቅም። በዚያ ቀን ድንኳኑ ውስጥ አንድ መቶ ዘጠና ሰው ተሰብስቦ ነበር። አጀንዳው አንድ ነው፤ መንገድ ላይ ያለው ሰውዬ።

«ደንቡ ግልጽ ነው» አሉ ጋሽ ጥላዬ። «ጠየቅሁት፤ ዝለለው አለኝ። ዘለልኩት።»

«እኔስ?» አለ ባለባጃጁ። «መንገዱ ተዘግቶብኝ ሰው መጫን አቅቶኛል። በዚያ ላይ ገድዬ እኔው ልቅበር? ነውር አይደለም?»

«ቅበር ያለህ ማን አለ? ደግሞ ፍሬንህን አሠራ!» አለች አንዲት ሴት ከኋላ።

ትዕምርት እጇን አወጣች። ሁሉም ዞሮ አያት።

«ሽንኩርቷ!» አሉ ጋሽ ጥላዬ። «ምላስ አለሽ እንዴ? ተናገሪ።»

«እንቅበረው።»

«በየትኛው አንቀጽ?»

«አንቀጽ የለኝም።»

«ሰውየውን ታውቂዋለሽ?»

መዋሸት ትችል ነበር፤ ዘመድ ነው ማለት ይበቃ ነበር። «አለቃዬ ነው» አለች። «የመጣው ይሄን ለቅሶ ለመሰረዝ ነው። ሟች ቁልፍ ተጭኖ እንዲነሳ ሊያደርግ ነው። ድንኳን አይጣልም፤ ሰው አይቀመጥም።»

ድንኳኑ ተናጋ። «ይበስብስ!» ያለ አለ። «ውሻ ይብላው!» ያለም አለ። ጋሽ ጥላዬ አግዳሚውን በከዘራቸው እየደበደቡ ዝም አሰኙ።

«እና አንቺ ቅበሩት ትያለሽ? ብናነሳው አይሰርዘንም?»

«ሊሰርዘን ይችላል።»

«ታዲያ?»

«እሱ ቢሰርዘው ከውጭ የመጣ ሰው ሰረዘው ይባላል። ሬሳ መንገድ ላይ ትተን ሽንኩርት ስንሸጥ ከዋልን ግን የሚሰረዝ ነገር አላስተረፍንም።»

ጋሽ ጥላዬ እጅ አስወጡ። ከዚያ በድምፅ ተወሰነ። ዘጠና ሰባት ለዘጠና ሦስት፤ ይቀበር። ጋሽ ጥላዬ ከተቃወሙት መካከል ነበሩ፤ ውሳኔው ካለፈ በኋላ ግን ተነስተው ከዘራቸውን ቀጥ አደረጉ።

«ከተቀበረ እንደ ሰው ነው የሚቀበረው። ሙሉ ሦስት ቀን፣ ከነንፍሮው። አንዲት ሰዓት የምትቀነስለት የለችም። ባለባጃጅ፣ አንተ ሳጥኑን ትጭናለህ፤ በዝግታ።»

ቀብሩ በሰዓቱ ተፈጸመ፤ ችግር የመጣው ለቅሶው ላይ ነው። የእድሩ ሙሾ አውራጅ እትዬ ወደርየለሽ ድንኳኑ መሃል ቆመው፣ ወገባቸውን ታጥቀው፣ አፋቸውን ከፈቱና መልሰው ዘጉት።

«ሽንኩርቷ፣ ነይ እስቲ። የማን ልጅ ነው? ምን አድርጓል? የሌለ ነገር አላለቅስም እኔ።»

ትዕምርት መነጽሯን ወደ ግንባሯ ሰቅላ፣ አጠገቧ ወንበር ላይ ወደተቀመጠው ዮናኤል ዞረች። «ምን ይባልልዎ?»

ዮናኤል ለዚህ ጥያቄ ዝግጁ ነበር። «በአራት ዓመት ሰባ ሁለት ስቱዲዮ አስገዝቻለሁ። የዘርፉን ቅልጥፍና በሦስት እጥፍ አሳድጌያለሁ። ሁለት ጊዜ የዓመቱ መሪ ተብያለሁ።»

ትዕምርት ይህንኑ ወስዳ ለእትዬ ወደርየለሽ ነገረቻቸው። እሳቸውም በትዝብት ዓይን አዩዋት። «ይሄ ለቅሶ ነው ወይስ ማስታወቂያ?» ብለው፣ ግዴታ ነውና፣ ደረታቸውን መታ መታ አድርገው ያለችውን አወረዱ፤

የሰው ቤት ሰብስቦ በቁልፍ የቆለፈ፣
ዛሬ ደጅ አጣ ወይ በባጃጅ ያረፈ።

ድንኳኑ ውስጥ ማልቀስ የነበረባቸው ሰዎች ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ጠቅጥቀው ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ። ከሩቅ ላየው ለቅሶ ይመስላል። ዮናኤል ግን ተጋድሞ ሁሉንም ይሰማል።

«እየሳቁ ነው» አለ ወንበሩ ላይ።

«አዎ።»

«ይሄ ይፈቀዳል?»

«የመጀመሪያ ቀን ብዙ ነገር ይፈቀዳል።»

በዚያን ዕለትና በማግስቱ በዓለም ላይ አንዳንድ ነገሮች ተከሰቱ። ከኮልቫንታ የአፍሪካ ዘርፍ አንድም ሰው አልተባረረም፤ የሚፈርምበት አልነበረም። አማካዩም የዕለቱን ፈቃድ ከፕሬዚዳንቱ ሳያገኝ ስለማይሠራ አረንጓዴም ቀይም ሳያበራ ዋለ። ሌጎስ ውስጥ አንድ ስቱዲዮ በአንድ ብርጭቆ አፍ ላይ ስለሚጣሉ ሁለት ዝንቦች ጨዋታ ሠርቶ፣ ማንንም ሳይጠይቅ ለቀቀው። ናይሮቢ ያሉት ደግሞ ስድስት ዓመት በመሳቢያ የቆየ ሐሳብ አውጥተው አቧራውን አራገፉ። የጠዋቱ ጭብጨባ በሁለተኛው ቀን አሥራ አንድ ሰከንድ ላይ በራሱ ጊዜ ቆመ፤ ማንም ደህና መሆኑን የጠየቀው አልነበረም።

በሁለተኛው ቀን ረፋድ ላይ ዮናኤል ተነጫነጨ። ሶፋው ላይ አድሮ ሸሚዙ ተጨማድዷል፤ ኦብሳ ያመጣለትን ዳቦ ይዞ አልበላም።

«ስለ እኔ ማውራት አቁመዋል እኮ። ስለ ጣሪያ ክዳን ነው የሚያወሩት። አንዱ የልጁን ሠርግ ቀን እያማከረ ነው።»

«ሁለተኛ ቀን እንደዚያ ነው» አለች ትዕምርት።

«ታዲያ ለምን አይሄዱም?»

«እየተቀመጡልዎት ነው።»

መስታወቱ ላይ ባለባጃጁ ለጋሽ ጥላዬ ንፍሮ ይዘግንላቸዋል። እትዬ ወደርየለሽ ጥግ ላይ ተቀምጠው የሚያወርዱት አጥተው ጣታቸውን ይቆጥራሉ።

«አንድ ጨዋታ ሠርቼ ነበር» አለ ዮናኤል ሳይጠየቅ። «አሥራ ስድስት ዓመቴ ሳለ። ፍየል ናት። ወንዝ ትሻገራለች። በቃ፤ ሌላ የላትም። ወንዙ ግን በየቀኑ ቦታውን ይቀያይራል፤ እሱን ለብቻዬ ነው ያሰብኩት። አሥራ አንድ ሰው ተጫውቷታል። አንዷ እናቴ ናት።»

«አሁን የት ናት?»

«አንድ ትንሽ ኩባንያ ወሰዳት። ያን ኩባንያ ሌላ ገዛው።» ዳቦውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። «ያንን ደግሞ እኛ ገዛነው። የሚዘጉ ጨዋታዎች ዝርዝር ላይ ነበረች። ከፈረምኩ በኋላ ነው ያየሁት። ዝርዝሩ ረጅም ነበር።»

ትዕምርት መነጽሯን አጠለቀችና ሄዳ ለእትዬ ወደርየለሽ በጆሯቸው ነገረቻቸው። አሮጊቷ እስክትጨርስ ሰምተዋት፣ ቀስ ብለው ተነሱ። በዚህ ጊዜ ደረታቸውን አልመቱም።

ፍየል ነበረችው ወንዙን የምትሻገር፣
ፈርሞ አሰጠማት ሳያያት ሳይናገር።

ድንኳኑ ውስጥ የሳቀ የለም። ስለ ጣሪያ ክዳን ያወራ የነበረው ሰውዬ ወሬውን አቆመ። አንዲት ሴት «ውይ፣ ፍየሏን!» አለች፤ ከዚያ ሌላዋ ተቀበለቻት፤ ከዚያ ሁሉም። ቁጥሩ ሦስት መቶ የደረሰው ለቀስተኛ፣ ሬሳውን መቅበር የተቃወመው ሳይቀር፣ አይቷት ለማያውቃት ፍየል አለቀሰ። ኦብሳ የጆሮ ማዳመጫውን አውልቆ ወደ መስኮቱ ዞረ። ዮናኤል ወንበሩ ላይ አልተንቀሳቀሰም፤ መነጽሩ ዓይኑን ስለሸፈነው ምን እንደሆነ መናገር አይቻልም፤ አገጩ ግን እርጥብ ነበር።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ፣ ሠልስቱ ሲያበቃ፣ ፕሬዚዳንቱ ተነሳ።

ትዕምርት መስታወቱ ፊት ቆመች። ዮናኤል ከመቃብሩ አጠገብ አፈሩን አራግፎ ፊርማውን በእጁ ይዟል። የሚሰረዙ ነገሮች ዝርዝር ፊቱ ላይ ተዘርግቶለታል፤ የመጀመሪያው መስመር «የሦስት ቀን ለቅሶ፤ በዝለል ቁልፍ ይተካ» ይላል። ኦብሳ ካናቴራውን በሁለት እጁ ያጣምማል። የዋናው መሥሪያ ቤት ሰዎች በአንድ ጊዜ ይደውላሉ፤ ሦስት ቀን የተጠራቀመ ነገር ሁሉ ይፈረምልን ይላሉ።

ዮናኤል የመጀመሪያውን መስመር አነበበ። እጁን አነሳ። ከዚያ አወረደው።

«ይሄ ነገር ከላይ እንዴት ነው?» አለ።

«ምኑ?» አለችው ትዕምርት።

«ከታች ሆኜ ነው እኮ ያየሁት። አግዳሚው ላይ ሆኖ ሲታይ እንዴት እንደሆነ አላውቅም። ያልቀመስኩትን መሰረዝ በደንባችን ክልክል ነው።» ጉሮሮውን ጠረገ። «ቅምሻው አላለቀም ብለሽ ጻፊ።»

«መቼ ያልቃል ልበል?»

«እሱን አትጻፊ።»

ትዕምርት የኮልቫንታን ደንብ ሐሙስ ማታ ከዳር እስከ ዳር አንብባዋለች። ቅምሻው ባላለቀ ጨዋታ ላይ ማንም ሰው፣ ከማንኛውም ፎቅ፣ አንዲት ነጠላ ሰረዝ እንኳ ማንሳት አይችልም። ቅምሻ በስንት ቀን ማለቅ እንዳለበት የሚናገር አንቀጽም የለም፤ እስከዛሬ ከሃያ ደቂቃ በላይ የፈጀ ፕሬዚዳንት ታይቶ ስለማይታወቅ አስፈላጊነቱ ለማንም አልታየውም። ኦብሳን አየችው። ኦብሳ ካናቴራውን ለቀቀው።

ዮናኤል ያኔውኑ ወደ ከተማው መግቢያ ወርዶ ጋሽ ጥላዬ ፊት ቆመ።

«መመዝገብ ፈልጌ ነበር።»

«ዕጩ ነህ» አሉት ቀና ሳይሉ። «በነፃ የተቀበረ ሰው ሰባት ለቅሶ ከዳር እስከ ዳር ካልተቀመጠ አባል አይሆንም። በሳምንት አንድ ብትደርስ ነው። ለዚህ ሳምንት የሞተ እንደሆነ አንድ ሰውዬ ብቻ ነው፤ እሱም ዘንድሮ ሲሞት ሦስተኛው ስለሆነ መጀመሪያ እንገሥጸዋለን።»

ከዚያ ወዲህ ዮናኤል በየሳምንቱ ይመጣል። ዋናው መሥሪያ ቤት ለምን ቅምሻው እንደዘገየ ሲጠይቀው፣ ጥልቅ ጥናት ላይ እንደሆነ ይመልሳል። በሌሎቹ ስቱዲዮዎች ላይ ዛሬም እንደልቡ ይፈርማል፤ ሰውየው ተለወጠ ብሎ የሚምል ሰው ቢኖር ይሳሳታል። ከመፈረሙ በፊት ግን ዝርዝሩን እስከ መጨረሻው ያነባል ይባላል፤ ይሄም ሥራውን በጣም አዘግይቶታል።

ትዕምርት ደግሞ ለቅሶዋ ተርፎላት ሌላ ጣጣ ገዛች። «አለቃዬ ነው» ማለቷ ሲጠየቅ ሲጠያየቅ፣ ጨዋታውን የሠራችው እሷ መሆኗ ታወቀ። እድሩ ስብሰባ ጠርቶ፣ ሠላሳ አንድ ነጥብ ያለው የማሻሻያ ሐሳብ በጽሑፍ አቀረበላት። የድንኳኑ ቀለም ይቀየር። ንፍሮው ጨው ያንሰዋል። የውሻው ድምፅ ያስደነግጣል። ቆማ እየሰማች፣ ሃያ ዘጠነኛው ላይ ስትደርስ፣ ትዕግሥቷ አለቀ።

«አይሆንም!» አለች። «ቀለሙም አይቀየርም፣ ውሻውም አይነካም። ጨው የፈለገ ይዞ ይምጣ!»

እድሩም እንደ አሥረኛ ባለቤት ነው፤ በስድስት ዓመት ውስጥ ለባለቤት ጮክ ብላ አይሆንም ስትል ይህ የመጀመሪያዋ ነው። ድንኳኑ በጫጫታ ተሞላ። ባለባጃጁ ውሻውን ደገፈ፤ እትዬ ወደርየለሽ ጨው ላይ አልለቅም አሉ፤ ጋሽ ጥላዬ አግዳሚውን ደበደቡ። በዚህ መሃል ከኋላ፣ ሁለት ወንበር በብብቱ ከያዘ ነጭ ጫማ ያደረገ ሰው፣ አንድ እጅ ወደ ላይ ወጣ።

«እኔ እንኳ አንድ ሐሳብ ነበረኝ» አለ ዮናኤል። «ለቅሶውን በሁለት ክፍል ብናደርገውና የመጀመሪያውን...»

ጋሽ ጥላዬ በመነጽራቸው አናት አዩት።

«ልጄ፣ ዕጩ አባል ወንበር ያነሳል እንጂ እጅ አያነሳም።»